ደሴ ላይ ልብ ለመክፈት ምን ይጠይቃል? የወጣት የልብ ሰርጀኖች ሥልጠናና የወሎ ጥያቄ

አገር ውስጥ አንድ ሆስፒታል «የልብ ቀዶ ሕክምና ጀመርኩ» ባለ ቁጥር ደሴ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «እኛ ጋ መቼ ነው?» ይባላል። ጥያቄው የከተማ ፉክክር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የታመመ ልጅ ፎቶ የያዘ ባነር ደሴ፣ ኮምቦልቻና ወልዲያ ላይ ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። መስጊድ ደጃፍ ይለጠፋል፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ላይ ይሰቀላል፣ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። «ልቧ ላይ ክፍተት አለ ተብላለች፣ ሕክምናው ህንድ ነው፣ እርዱን» ይላል። ሰው ያለውን ያዋጣል። አንዳንዱ ልጅ ሄዶ ድኖ ይመለሳል። ሌላው ገንዘቡ ሳይሞላለት ጊዜው ያልፍበታል።

ስለዚህ «ደሴ ላይ ለምን አይሠራም?» ማለት ተገቢ ነው። ችግሩ ክርክሩ ሁልጊዜ በሕንፃና በማሽን ዙሪያ መሽከርከሩ ነው። ሰርጀኑ እንዴት እንደሚሠለጥን፣ ከሠለጠነ በኋላም እጁ እንዳይሰንፍ ምን እንደሚያስፈልገው ብዙም አይወራም። ነገሩ የሚወሰነው ግን እዚያ ላይ ነው።

ሁሉም የልብ ሕክምና አንድ አይደለም

በዜናም በወሬም ሦስት የተለያዩ ሕክምናዎች «የልብ ኦፕራሲዮን» በሚል ስም ይጠራሉ።

የመጀመሪያው በካቴተር የሚሠራው ነው። ካቴተር ቀጭን ቱቦ ነው። በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ልብ ድረስ ይዘልቃል። ደረት አይከፈትም። በዚህ መንገድ የጠበበ የልብ ቫልቭ በፊኛ ይሰፋል፣ አንዳንድ ክፍተቶች ይደፈናሉ፣ የተዘጋ የልብ ደም ሥር ይከፈታል። የሚሠራበት ክፍል ካት ላብ ይባላል። ሥራው የካርዲዮሎጂስት፣ ማለትም ያለ ቀዶ ጥገና ልብ የሚያክም ስፔሻሊስት ነው።

ሁለተኛው ዝግ የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። ደረት ይከፈታል፤ ልብ ግን መምታቱን አያቆምም። ሰርጀኑ ከልብ በሚወጡት ትልልቅ ደም ሥሮች ወይም በልብ ሽፋን ላይ ይሠራል።

ሦስተኛው ክፍት የልብ ቀዶ ሕክምና ነው። እዚህ ልብ ቆሞ፣ ውስጡ ተከፍቶ ይሠራል። ደሙ ከሰውነት ወጥቶ የልብንና የሳንባን ሥራ በሚተካ ማሽን ውስጥ ያልፋል። ማሽኑ ኦክስጅን ሰጥቶ መልሶ ይገፋዋል። ቱቦው ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን የሚባል መድኃኒት ይሰጣል፤ ሥራው ሲያልቅ ኃይሉ በሌላ መድኃኒት ይሻራል። ልቡን ለማቆም ደግሞ ፖታሲየም የበዛበት ፈሳሽ ይገባል። በዚህ ዓይነት ማሽን የታገዘ የመጀመሪያው የተሳካ ቀዶ ሕክምና የተሠራው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1953 አሜሪካ ውስጥ፣ በጆን ጊቦን ነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ፐርፊውዥኒስት ይባላል። ለዚያ ሥራ ብቻ የሠለጠነ ሰው ነው። እሱ ከሌለ ሰርጀኑ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ልብ አይከፈትም።

አንድ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ጀምሮ ዜናው «ልብ መክፈት ተጀመረ» ተብሎ ከወጣ፣ ሦስተኛውን የሚፈልግ በሽተኛ ከላስታ ወይም ከወሎው ቦረና ተነስቶ ይመጣል። ያለችውን በግ ሸጦ ነው የሚመጣው። እዚያ ሲደርስ የሚሰጠው ወደ አዲስ አበባ የሚልክ የሪፈር ወረቀት ነው። የቃል ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የወሎ ልጅ ልቡን የሚያመው ምንድን ነው?

በሀብታም አገሮች የልብ ሰርጀን ውሎው በአብዛኛው ከአዛውንቶች ጋር ነው። የተዘጋ የልብ ደም ሥር መሻገሪያ ይሠራል፣ በዕድሜ የደነደነ ቫልቭ ይቀይራል። እኛ አገር ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁት ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ናቸው።

ዋናው ምክንያት ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ያቆስላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራው መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ተሳስቶ የራሳቸውን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ጉሮሮው በታመመ ቁጥር ጉዳቱ ይደራረባል። ቫልቮቹ፣ ማለትም በልብ ክፍሎች መካከል ያሉት በሮች፣ ይጠባሉ ወይም መግጠም ያቅታቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 55 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚኖርና በየዓመቱ 360 ሺህ ገደማ እንደሚሞት ይገምታል። በሽታው የሚበረታው ቤት በተጨናነቀበትና ሕክምና በራቀበት አካባቢ ነው።

ጉሮሮው በጊዜ በፔኒሲሊን ቢታከም ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። በገጠር ግን ጉሮሮውን ያመመው ልጅ መጀመሪያ የሚወሰደው እንጥል ቆራጭ ጋ ሊሆን ይችላል። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም። ደም መፍሰስና ሌላ ቁስለት ያስከትላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ቤተሰቡን ያዘናጋል። «ተቆርጦለታል» ይባልና ልጁ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ማታ ተጋድሞ መተኛት ያቅተዋል፣ እግሩ ያብጣል። ያኔ ነው ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ የሚታዘዝለት።

በሽታው ቀድሞ ከተያዘ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አለ። ርካሽ ነው። ጉዳቱ እንዳይባባስ ያደርጋል። ችግሩ መርፌው መፈራቱ ነው። አንድ በሽተኛ ከተወጋ በኋላ ሲሞት «ፔኒሲሊኑ ገደለው» ይባላል። ባለሙያውም ከዚያ ወዲያ ለመውጋት ይሰጋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ልባቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች ላይ ከመርፌው በኋላ የሚደርሰው ሞት አለርጂ ላይሆን እንደሚችል፣ የደከመ ልብ ሕመሙንና ድንጋጤውን መቋቋም አቅቶት ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። ለእንዲህ ዓይነት ሕሙማን በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እንዲታሰብ ይመክራል። ለሌሎቹ ግን መርፌው ይቀጥል ይላል። ይህ መረጃ የወረዳ ጤና ጣቢያ ድረስ ሊወርድ ይገባዋል።

ሁለተኛው አብሮ የሚወለድ የልብ ችግር ነው። በዓለም ዙሪያ ከ100 ሕፃናት 1 ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳል። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት ለወሎ ደጋ የተለየ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ሕፃኑ ማህፀን ውስጥ እያለ ሁለቱን ትልልቅ ደም ሥሮች የምታገናኝ አጭር ቱቦ አለች። ከተወለደ በኋላ ባሉት ቀናት ትዘጋለች። በአንዳንድ ሕፃናት ሳትዘጋ ትቀራለች። በፔሩና በቻይና ከፍተኛ ቦታዎች የተደረጉ ጥናቶች፣ አየሩ በሳሳበት ደጋ ይህ ችግር እንደሚበዛ አሳይተዋል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እንደ ለጋምቦና ደላንታ ያሉ ደጋ ወረዳዎች ከዚያ ይበልጣሉ። እነዚያ የተጠኑት ቦታዎች ከእኛ ደጋ የበለጠ ከፍ ይላሉና ውጤቱን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ግን ጉዳዩ ደሴ ላይ መጠናት ያለበት ነው። ወደዚህ ሕክምና ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው የሳንባ ነቀርሳ ተህዋሲያን የልብን ሽፋን አጥቅቶ የሚያደነድነው ነው። ሽፋኑ ልቡን ጨምቆ ይይዘዋል። መድኃኒት ብቻውን ሳይበቃው ሲቀር ሽፋኑ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ከሥልጠናው ጋር ስለሚያያዝ ነው። አውሮፓ ውስጥ የአዛውንቶችን ደም ሥር ሲያሻግር የሠለጠነ ሰርጀን ወሎ ሲመለስ የሚጠብቀው ቫልቭዋ የተጣበቀባት የ14 ዓመት ልጅ ናት። ስለዚህ የት ሠለጠነ ከማለት አልፎ ምን ዓይነት በሽተኛ ላይ ሠለጠነ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ የልብ ሰርጀን እንዴት ይሠራል?

መንገዱ ረጅም ነው። ሕክምና ትምህርት ቤት ከነኢንተርንነቱ 6 ወይም 7 ዓመት ይፈጃል። ከዚያ የተወሰነ ጊዜ አገልግሎት አለ። ቀጥሎ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ 4 ወይም 5 ዓመት ይወስዳል። በዚያ ላይ የልብና የደረት ሰብ ስፔሻሊቲ ይጨመራል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው የ30ዎቹን አጋማሽ ሳይነካ ራሱን ችሎ ልብ አይከፍትም። አሜሪካኖች ይህ በጣም ረዘመ ብለው እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ከሕክምና ትምህርት ቤት ቀጥታ የሚገባበት የ6 ዓመት ፕሮግራም ጀምረዋል። አሮጌውንም አልተዉትም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ዓመታቱ ግን ግማሽ ታሪክ ናቸው። ዋናው እጅ ነው።

ሠልጣኙ መጀመሪያ የሚማረው ደረት መክፈትና መዝጋት ነው። ቀጥሎ ልብን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኙትን ቱቦዎች መትከል ይማራል። ከዚያ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀላል ክፍተት መድፈን፣ ቀጥሎ ቫልቭ መቀየር፣ ቀጥሎ ቫልቭ መጠገን ይመጣል። የሕፃናት ውስብስብ ችግሮች መጨረሻ ላይ ናቸው። እያንዳንዱ ደረጃ ብዙ ጊዜ መደገም አለበት።

አንዱን ቅጽበት ቀረብ ብለን እንየው። ዋናው ደም ሥር በመቆንጠጫ ይያዛል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልቡ ደም አያገኝም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰዓት ይቆጥራል፤ ከቡድኑ አንዱ በየተወሰነ ጊዜ ያለፈውን ደቂቃ ጮክ ብሎ ይናገራል። ሠልጣኙ ከፀጉር ብዙ በማይወፍር ክር እየሰፋ ነው። አንዱ ስፌት ከተሳሳተ ይፈታል፣ ይደገማል። አስተማሪው ማዶ ቆሞ ያያል። ልምድ ያለው ሰርጀን በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰውን ሠልጣኙ እጥፍ ሊወስድበት ይችላል። ደቂቃው በረዘመ ቁጥር ልቡ እንደገና የመነሳት አቅሙ ይቀንሳል። አስተማሪው መርፌ መያዣውን መቼ ነው የሚቀበለው? ቶሎ ከተቀበለ ሠልጣኙ አይማርም። ከዘገየ በሽተኛው ይጎዳል። ጥሩ አስተማሪ የሚባለው ይህችን ሰዓት የሚያውቅ ነው።

አሁን ይህን ወደ እኛ አገር እናምጣው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ወረፋ ላይ ናቸው። ለአንድ በሽተኛ ብቻ አገልግሎ የሚጣለው የማሽኑ ዕቃ በዶላር የተገዛ ነው። በዚህ ጊዜ አንጋፋው ሰርጀን «ራሴ ልጨርሰው፣ ሌላም በሽተኛ ይደርሳል» ቢል ማን ይፈርድበታል? ወጣቱ ቆሞ ያያል። ዓመታት ሲያልፉ አንጋፋው ይደክማል፣ ወጣቱም እጁ አልሞላም። የሰርጀን እጥረት ሌላ እጥረት የሚወልደው እንዲህ ነው።

ከዚህ መውጫ አንዱ መንገድ ከበሽተኛ ውጭ መለማመድ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አዲስ ሠልጣኞች ተሰብስበው በእንስሳት ልብ ላይ የሚለማመዱበት ካምፕ አለ። እዚያ የሚጠቀሙት በአብዛኛው የአሳማ ልብ ነው። እኛ ጋ አሳማ እምብዛም ባይኖርም የበግና የበሬ ልብ ሞልቷል። ደሴ ቄራ በየቀኑ ያርዳል። ቫልቭ መስፋት፣ ዋና ደም ሥር መቁረጥና መግጠም፣ ቱቦ መትከል በበግ ልብ ላይ መደጋገም ይቻላል። የሚያስፈልገው ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ጊዜው ያለፈበት የስፌት ክርና ሳምንታዊ ሰዓት ነው። ለዚህ የውጭ ምንዛሪ አይጠየቅም። የትኛውም የቀዶ ሕክምና ክፍል ነገ ሊጀምረው የሚችል ነገር ነው። ባይበቃም ወጣቱ በሽተኛው ጋ ሲቀርብ እጁ ቀድሞ የሚያውቀው ሥራ እንዲሆን ያደርገዋል።

ሌላው ነገር መቁጠር ነው። ለንደን ውስጥ ማርክ ደ ሌቫል የሚባል ስመ ጥር የሕፃናት ልብ ሰርጀን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአራስ ሕፃናት ላይ አንድ ከባድ ቀዶ ሕክምና ይሠራ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 52 ሕፃናት የሞተው 1 ብቻ ነበር። ከዚያ በተከታዮቹ 16 ላይ 7 ጊዜ ውጤቱ ተበላሸበት። «መጥፎ ዕድል ነው» ብሎ አላለፈውም። ሌላ ሰርጀን ጋ ሄዶ እንደገና ተማረ፣ አሠራሩን ቀየረ፣ ውጤቱም ተስተካከለ። ይህንን ሁሉ በ1994 በራሱ እጅ ጽፎ አሳተመው። በዚያው ዘመን እዚያው አገር ብሪስቶል የሚባል ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሕፃናት ከሌላው ቦታ በበለጠ ይሞቱ ነበር። የሰማ ግን ቶሎ አላቆመም። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ የእንግሊዝ ሰርጀኖች ውጤታቸውን እየቆጠሩ ይፋ ማድረግ የሚጠበቅባቸው ወደመሆን ደረሱ። ሥልጠና ማለት ከመጀመሪያው ቀን መዝገብ መያዝም ጭምር ነው።

የሚመጡና የሚሄዱ ቡድኖች

በኢትዮጵያ የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ የውጭ ቡድኖች ትልቅ ቦታ አላቸው። ዶ/ር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት የጀመሩት እንቅስቃሴ መጀመሪያ ልጆችን ውጭ አገር ልኮ በማሳከም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራው በአብዛኛው በጎብኚ ቡድኖች ይሠራ ነበር። ቀስ በቀስ ኢትዮጵያውያን ሰርጀኖች ራሳቸው መክፈት ጀመሩ። ከደሴ ሪፈር የሚጻፍለት ልጅ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚደርሰው እዚያ ነው።

ስለ እነዚህ ቡድኖች ሁለት አስተያየት አለ። የሚደግፉት «አንድ ሳምንት መጥተው አሥር ልጅ ቢያድኑ አሥር ነፍስ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ለዚያች እናት ሌላ ስሌት አይገባትም። የሚተቹት ደግሞ ቡድኑ የራሱን ነርስ፣ የራሱን ሰመመን ሰጪ፣ የራሱን ዕቃ ይዞ መጥቶ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል ይላሉ። የአገሩ ሐኪም ፎቶ ላይ ብቻ ይቀራል። ቡድኑ ከተሳፈረ በኋላ በሽተኛው ደም ቢፈሰው ወይም ልቡ ቢዛባ የሚያየው ደግሞ ያው የአገሩ ሐኪም ነው።

እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ፤ ቡድኖቹ ይቅሩ ግን አልልም። ሚዛኑ መርፌ መያዣው በማን እጅ ነው የሚለው ላይ ነው። ጎብኚው አንጋፋ ረዳት ሆኖ ማዶ ከቆመ፣ ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ከሠራ፣ ቡድኑም በዓመት ብዙ ጊዜ ወደዚያው ሆስፒታልና ወደነዚያው ሰዎች ከተመለሰ ሥልጠና ነው። ሩዋንዳ ለዓመታት በጎብኚ ቡድኖች ስትረዳ ቆይታ በኋላ ኪጋሊ በሚገኘው ኪንግ ፋይሰል ሆስፒታል የራሷን ቡድን ማቋቋም ችላለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ኬፕታውን ላይ የወጣው የዓለም የልብ ሰርጀኖች መግለጫም ወደዚሁ ያዘነብላል። ከጉብኝት ይልቅ በአገር ውስጥ ራሱን የቻለ ማዕከል ይገንባ ይላል። ከዚያ በኋላ በተቋቋመው ጥምረት ለሙከራ የተመረጡት ሞዛምቢክና ሩዋንዳ ነበሩ።

አንድ ትልቅ ማዕከል ወይስ በየክልሉ?

አንድ የቆየ ግምት በሰሜን አሜሪካ ለ120 ሺህ ሰው አንድ የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ሲኖር በአፍሪካ ለ33 ሚሊዮን ሰው አንድ እንደነበር ይናገራል። ቁጥሩ ዛሬ ተሻሽሎ ይሆናል፤ ርቀቱ ግን የሚያስደነግጥ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «በየክልሉ ይከፈት» ቢል አይፈረድበትም።

በሌላ በኩል ያለው ክርክርም ቀላል አይደለም። የልብ ቡድን በሳምንት ብዙ ጊዜ ካልሠራ ይደክማል። ሰርጀኑ ብቻ አይደለም የሚረሳው። ፐርፊውዥኒስቱ፣ ሰመመን ሰጪው፣ የአይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ነርሷ ሁሉ ይረሳሉ። በወር ሁለት ሰው የሚከፍት ሆስፒታል ሠልጣኝ ማብቃት አይችልም። ውጤቱም ብዙ ከሚሠራው ቦታ ያነሰ ይሆናል። አምስት ክልል ላይ አምስት ደካማ ማዕከል ከመክፈት ሁለት ብርቱ ማዕከል ይሻላል የሚሉት ለዚህ ነው።

ርቀት ግን ይገድላል። ሪፈር የተጻፈለት የሰቆጣ ወይም የቆቦ ሰው አዲስ አበባ ማረፊያ ያስፈልገዋል፣ አስታማሚ ያስፈልገዋል፣ ለቀጠሮ ተመላልሶ መምጣት አለበት። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። ወሎ ይህን በ2014 ዓ.ም. አይታለች። ያኔ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሆስፒታሉ ራሱ ተዘርፎና ወድሞ ነበር። በአንድ ማዕከል ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን እንደሚያመጣ የሱዳንም ነገር ያሳያል። ካርቱም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው ሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ከጎረቤት አገሮች የሚመጡ ሕሙማንን ጭምር በነፃ ያክም ነበር። በ2023 ጦርነት ሲነሳ ያ በር ለብዙዎች ጠበበ።

ሁለቱን ክርክር ያመዘነ ሰው ሥራውን በደረጃ ወደ መከፋፈል ይመጣል። ልብ መክፈቱ ለጊዜው በጥቂት ብርቱ ቦታዎች ይሁን። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ግን ደሴ ላይ ይሁን። ከዚያ በኋላ ያለው የሚናቅ አይደለም። የብረት ቫልቭ የተገባለት ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ካነሰ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል፣ ከበዛ ሰውየው ይደማል። መጠኑ የሚለካው አይ.ኤን.አር በሚባል የደም ምርመራ ነው። ጎመን የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። በጾም ወቅት ጎመን የሚያዘወትር ሰውና በፍስክ ሥጋ የሚበላ ያው ሰው ልኬታቸው ሊለያይ ይችላል። በረመዳንም የምግብ ሰዓትና ዓይነት ስለሚቀየር ሐኪም ማማከር ይገባል። ጎመኑን ከመከልከል ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ መጠን እንዲበላ መምከርና ቶሎ ቶሎ መለካት ይሻላል። ወጣት ሴት ከሆነች ደግሞ ዋርፋሪን ለጽንስ አደገኛ ነውና ቫልቩ ከመመረጡ በፊት ስለ ልጅ መውለድ መነጋገር ግድ ነው። ምርመራው ወልዲያና ከሚሴ ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ ከሌለ አዲስ አበባ ላይ የተሠራው ምርጥ ኦፕራሲዮን ዋጋ ያጣል።

ከሠለጠነ በኋላ ለምን ይሄዳል?

ብዙ ሰው «ደሞዝ ስላነሰው» ይላል። ደሞዙ እውነት ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ያነሱት ጥያቄ ነገሩ የት እንደደረሰ አሳይቷል። ከ15 ዓመት በላይ የተማረ ሰው የቤት ኪራይ ሲያስጨንቀው የውጭ ፈተና መውሰድ ቢያስብ አይገርምም።

ለሰርጀን ግን ሌላም ነገር አለ። ሥራ ማጣት አለ። ደሞዝ እየተከፈለው፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ኖሮ፣ በሽተኛው ተሰልፎ፣ የማሽኑ ቱቦ ስላለቀ ወራት የሚቀመጥ የልብ ሰርጀን አለ። እጁ እየሰነፈ ያየዋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ120 አልፏል። ኦክስጅን ሰጪው ዕቃ፣ ቱቦው፣ ቫልቩ፣ ክሩ ሁሉም ከውጭ ነው። የሆስፒታል በጀት በዚያ ፍጥነት አላደገም። ሰርጀንን ለማቆየት የተያዘው ገንዘብ ዕቃውን ካላካተተ ግማሽ ሥራ ነው።

ደሴ ከየት ትጀምር?

የልብ ቀዶ ሕክምና ራሱ የጀመረው ያለ ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1938 ቦስተን ውስጥ ሮበርት ግሮስ የሚባል የ33 ዓመት ሐኪም፣ ገና ቺፍ ሬዚደንት፣ ማለትም የሠልጣኝ ሐኪሞች አለቃ፣ እያለ፣ አለቃው እረፍት ላይ ሳሉ የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ ደረት ከፍቶ ሳትዘጋ የቀረችውን ያችን ቱቦ አሰረ። ልጅቷ ዳነች። አለቃን ሳያስፈቅዱ መሥራት ዛሬ አይደገፍም። ሥራው ግን ዝግ ነው፤ ልብ አይቆምም፣ ፐርፊውዥኒስት አይፈልግም። ጥሩ የሕፃናት ሰመመን፣ የደረት ሰርጀንና ጥሩ አይሲዩ ይፈልጋል።

ደሴ ቶሎ ልትደርስበት የምትችለው እርምጃ ይህ ይመስለኛል። ሳትዘጋ የቀረችውን ቱቦ ማሰርና የደነደነውን የልብ ሽፋን መግፈፍ። ሽፋኑ በጣም ከደነደነ ሁለተኛው ሥራ ከባድ ነው፤ በልምድ መመራት አለበት። በእነዚህ ሥራዎች አይሲዩው ይበረታል፣ ነርሶቹ የደረት በሽተኛ መያዝ ይለምዳሉ፣ የደም ባንኩ ይፈተናል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ስም የታሰበው የተርሸሪ ኬር (የከፍተኛ ደረጃ ሕክምና) እና ማስተማሪያ ሆስፒታል ሲደርስ የሚገባበት ሰው ከወዲሁ መዘጋጀት ያለበትም እንዲህ ነው።

ሰው ሲላክ ደግሞ ቡድን ይላክ። አንድ ሰርጀን ብቻውን ህንድ ሄዶ ሠልጥኖ ቢመለስ ከማን ጋር ይሠራል? ሰመመን ሰጪው፣ ፐርፊውዥን የሚማረው፣ ሁለት የአይሲዩ ነርሶች፣ የማሽን ጥገና ባለሙያው አብረው ይሂዱ። እዚያው አብረው ይሥሩ። ውላቸው ላይ የሚመለሱበት ቀን ብቻ አይጻፍ። ሲመለሱ በዓመት ስንት ሰው የሚሠሩበት ዕቃ እንደተመደበላቸውም ይጻፍ።

እስከዚያው ወላጅም ጋዜጠኛም «የልብ ቀዶ ሕክምና ተጀመረ» የሚል ዜና ሲሰማ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የተሠራው በካቴተር ነው፣ ዝግ ነው ወይስ ክፍት? ቡድኑ ከሄደ በኋላ ባለው ወር ስንት ሰው ተሠራ? የሠራው ማን ነው፣ የቆመውስ? ከተሠሩት መካከል በ30ኛው ቀን በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው? ፐርፊውዥኒስቱ የሆስፒታሉ ቅጥር ነው ወይስ እንግዳ?